77 በ55፦ አንድ የቨርጂኒያ ቲኬት ኢንሹራንስ ላይ ሲደርስ

ቦታው ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። መንገዱ ዋሽንግተንን የሚዞረው ቤልትዌይ፣ ቁጥር 495። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መንገዱ ጭር ብሏል። ሾፌሩ የ38 ዓመት የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ ነው፤ ቀን ሌላ ሥራ ውሎ ማታ ማታ ኡበር ይነዳል። ባለፉት አምስት ዓመታት አንድም ቲኬት አልተቆረጠበትም። የስቴቱ ፖሊስ ራዳር በሰዓት 77 ማይል አነበበ፤ የመንገዱ ገደብ 55 ነው። ጎን ለጎን የሚሄደው የክፍያ መስመር ገደቡ 65 ስለሆነ፣ በዚያ ቢሆን ኖሮ ይኸው 77 ተራ የፍጥነት ቲኬት ይሆን ነበር። እሱ ግን የነዳው በነፃው መስመር ነው፤ ከገደቡ በ22 ማይል አልፏል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የሕግ ቁጥር 46.2-862 ነው። ሬክለስ ድራይቪንግ፣ በግዴለሽነት መንዳት ማለት ነው።

ሾፌሩ፣ ቀኖቹና የአረቦኑ ዋጋ ለስሌት እንዲመቹ ያስቀመጥናቸው ናቸው። ሕጉ፣ ነጥቦቹና የጊዜ ገደቦቹ ግን የቨርጂኒያ ናቸው። ቲኬቱ የተቆረጠው ጥር 14 ቀን 2025፣ ቀጠሮው መጋቢት 12 ቀን 2025፣ ኢንሹራንሱ በየስድስት ወሩ ሰኔ 1 እና ታኅሣሥ 1 የሚታደስ ነው እንበል። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ቅጣቱ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ሀገር ቤት ጥያቄው ትክክል ነበር፤ የሦስተኛ ወገን መድኑ በዋናነት የሚከተለው መኪናውን ነው። አሜሪካ ግን ኢንሹራንሱ የሚከተለው ሾፌሩንም ጭምር ነው። ለፍርድ ቤት የሚከፈለው ገንዘብ ደግሞ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ክፍል ነው። አንድ ቲኬት ሦስት ቦታ ይቆጠራል፦ ፍርድ ቤት፣ ዲኤምቪ (የስቴቱ የመንጃ ፈቃድና የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤት) እና የኢንሹራንሱ ኩባንያ። ሦስቱም የየራሳቸው ሰዓትና የየራሳቸው ሚዛን አላቸው። እዚህ ቲኬት ላይ ገንዘብ የሚጠፋው አንዱን ከሌላው ጋር በማደባለቅ ነው።

በቨርጂኒያ ከገደቡ 20 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ፣ ወይም ገደቡ ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል በላይ መንዳት ሬክለስ ነው። ሁለተኛው ጣሪያ እስከ 2020 አጋማሽ 80 ነበር። ይህ የትራፊክ ደንብ መተላለፍ ብቻ አይደለም፤ ክላስ 1 ሚስዲሚነር፣ ማለትም ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስራት፣ እስከ 2,500 ዶላር ቅጣትና እስከ ስድስት ወር የመንጃ ፈቃድ እገዳ ሊያስከትል ይችላል። የዋሽንግተን ናሽናልስ የቤዝቦል ተጫዋች ጄሰን ወርዝ በ2014 በዚሁ ቤልትዌይ፣ በዚሁ ካውንቲ፣ 55 ገደብ ላይ በ105 ማይል ተይዞ የ10 ቀን እስራት ተፈርዶበታል። 77 ለነዳና ንጹሕ መዝገብ ላለው ሰው እስራት እምብዛም አይታሰብም። የወንጀል መዝገቡ ግን ያው ነው። ሥራ ለመቀጠር የጀርባ ምርመራ ሲደረግ ይወጣል፤ ለዜግነት በሚሞላው ቅጽ ላይም መጠቀስ አለበት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጥፋተኛ ነኝ ከማለቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ፖሊሱ «ፈርም» ሲል መፈረም ጥፋትን ማመን አይደለም፤ ቀጠሮ ላይ እገኛለሁ ማለት ነው። አልፈርምም ብሎ መከራከር ጣጣ ከማብዛት በቀር ትርፍ የለውም። ወረቀቱ ላይ መታየት ያለበት ፍርድ ቤት መቅረብ ግዴታ መሆኑ ወይም ቀድሞ ከፍሎ መቅረት የሚቻል መሆኑ ነው። ሬክለስ በቅድሚያ ተከፍሎ የሚዘጋ አይደለም። ተራ ፍጥነት ይከፈላል፤ ወጥመዱም እዚያ ነው። ኦንላይን ካርድ አስገብቶ መክፈል በቨርጂኒያ ሕግ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ መፈረድ ነው። የክፍያው ደረሰኝ በእጅ ሲገባ የፍርዱ መዝገብ ወደ ዲኤምቪ ጉዞ ይጀምራል።

አሁን ዲኤምቪ ለጥፋት ወደሚመዘግበው ነጥብ እንሂድ። ዲኤምቪ ለተራ ፍጥነት ከ1 እስከ 9 ማይል ላለፈ 3፣ ከ10 እስከ 19 ላለፈ 4፣ 20ና ከዚያ በላይ ላለፈ 6 ነጥብ ይመዘግባል። ሬክለስም 6 ነው። ነጥቡ የሚሠራው ጥፋቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ብቻ ሲሆን፣ ፍርዱ ራሱ ግን መዝገብ ላይ ብዙ ይቆያል፦ ተራ ፍጥነት 5 ዓመት፣ ሬክለስ 11 ዓመት። በ12 ወር ውስጥ 8 ነጥብ ወይም በ24 ወር 12 ነጥብ የሞላበት ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይደርሰዋል። በ12 ወር 12 ወይም በ24 ወር 18 የሞላበት በ90 ቀን ውስጥ የስምንት ሰዓት የሾፌሮች ማሻሻያ ትምህርት መጨረስ ግዴታው ነው። 18 በ12 ወር፣ ወይም 24 በ24 ወር ከሆነ መንጃ ፈቃዱ ለ90 ቀን ይታገዳል።

በሌላ በኩል ያለ ጥፋት ለተነዳ ለእያንዳንዱ ሙሉ የካሌንደር ዓመት አንድ መልካም ነጥብ ይጨመራል፤ ጣሪያው አምስት ነው። የኛ ሾፌር አምስቱንም ይዟል። ሬክለስ ተፈርዶበት 6 ቢቀነስበት እንኳ ሚዛኑ ከዜሮ በአንድ ብቻ ይወርዳል፤ ዲኤምቪ ደብዳቤ እንኳ አይጽፍለትም። እንግዲህ «ፖይንቴ ደህና ነው፣ ኢንሹራንሴ አይነካም» የሚል መደምደሚያ ከዚህ ይወለዳል። ስህተት ነው።

የኢንሹራንሱ ኩባንያ የዲኤምቪን ነጥብ ለዋጋ አይጠቀምበትም። ኩባንያው የሚያወጣው የመንዳት መዝገቡን ነው፤ እዚያ ላይ የሚያነበውም የጥፋቱን ስምና የፍርዱን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የራሱን ሠንጠረዥ ይከፍታል። ይህ ሠንጠረዥ ለስቴቱ የኢንሹራንስ ቢሮ የቀረበ ሲሆን ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። ሬክለስ በአብዛኞቹ ዘንድ ከከባድ ጥፋቶች ጎራ ይመደባል፤ ተራ ፍጥነት ግን ከቀላሎቹ ጋር። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ዲኤምቪ በ6 እና በ4 መካከል ካስቀመጠው ርቀት እጅግ የሰፋ ነው። የስምንት ሰዓቱን ትምህርት ተምሮ አምስት ነጥብ ማግኘትም ዲኤምቪ ጋ ያለውን ሚዛን ያስተካክል እንጂ ፍርዱን ከመዝገብ አይፍቅም። የኩባንያው ኮምፒውተር ያንኑ ቃል ያነባል።

በቁጥር እንየው። የስድስት ወሩ አረቦን 800 ዶላር ነው እንበል፦ ለሌላ ሰው ጉዳት የሚከፍለው 430፣ ለግጭት 270፣ ለስርቆት፣ ለበረዶና ለመሳሰለው 70፣ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ቢገጨው 30። ጭማሪው እንደ ደንቡ የሚያርፈው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ነው። መኪናው ቢሰረቅ የሾፌሩ ፍጥነት ምንም ስለማይጨምርበት የስርቆቱ ክፍል አይነካም። ስለዚህ የሚባዛው 700 ነው። ኩባንያው ለተራ ፍጥነት 20 በመቶ፣ ለሬክለስ 60 በመቶ ይጨምራል ብለን እንነሳ። መቶኛዎቹን ለምሳሌ ያህል የወሰድናቸው ስለሆነ፣ አንባቢ ከራሱ ኩባንያ ጠይቆ ይተካቸው። ለፍጥነቱ በየስድስት ወሩ 140፣ በሦስት ዓመት 840 ዶላር ይሆናል። ለሬክለሱ በየስድስት ወሩ 420፣ በሦስት ዓመት 2,520። የሁለቱ ልዩነት 1,680 ዶላር ነው። የንጹሕ ሾፌር ቅናሽ ካለና ከተነሳ ደግሞ ያ ለብቻው ይደመራል። ለዚህ ነው ቅጣቱ 150 ይሁን 300 የሚለው ክርክር ጉንጭ ማልፋት የሚሆነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር አንድ ነው፦ ዋጋውን የሚወስነው ዳኛው በመጨረሻ የሚጽፈው የጥፋት ስም ነው። ጊዜና ገንዘብም መውጣት ያለበት ከመጋቢት 12 በፊት ነው። የኛ ሾፌር ስምንት ሳምንት አለው።

በመጀመሪያው ሳምንት የራሱን የመንዳት መዝገብ ከዲኤምቪ ድረ ገጽ ያወጣል። ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። የአምስት ዓመት ንጹሕ መዝገብ በወረቀት ሲቀርብ «ንጹሕ ነኝ» ከማለት ይበልጣል።

ቀጥሎ የፍጥነት መለኪያውን ያስመረምራል። የቨርጂኒያ ሕግ ፍርድ ቤቱ በመሐላ የተረጋገጠ የፍጥነት መለኪያ ምርመራ ወረቀትን በማስረጃነት እንዲቀበል ይፈቅዳል። እዚህ ላይ አንድ የጋራዥ ነገር አለ፦ መኪናው ላይ ከፋብሪካው ልክ የሚበልጥ ጎማ ከተገጠመ፣ ጎማው በአንድ ዙር ብዙ ርቀት ስለሚሄድ መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ያሳያል። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ይህን ላያውቅ ይችላል። የጎማው ቁመት በ5 በመቶ ገደማ ሲበልጥ፣ በእውነተኛ 77 ላይ መለኪያው 73 ያሳያል። 73 ደግሞ ከ55 በ18 ብቻ ያለፈ ነው፤ ሬክለስ አይደለም። ምርመራው መለኪያው ትክክል ነው ካለ፣ ወይም ከእውነተኛው በላይ ያሳያል ካለ፣ ወረቀቱን ይዞ መቅረብ ራስን ማሳጣት ነው፤ ቤት ይቀመጥ። ምርመራው ጎማው ከመቀየሩ በፊት መደረግ አለበት። ጎማ ቀይሮ በማግስቱ የሚያስመረምር ሰው ዕድሉን ጋራዡ ወለል ላይ ጥሎት ይወጣል።

ሦስተኛው፣ የስምንት ሰዓቱን ትምህርት ከቀጠሮው በፊት ጨርሶ የምስክር ወረቀቱን መያዝ ነው። ዲኤምቪ የፈቀደው ትምህርት ቤት መሆኑ ይረጋገጥ፤ በአካልም በኦንላይንም አለ። ለዚህ ሾፌር ትምህርቱ በነጥብ ምንም አይጨምርለትም፤ ጣሪያው ላይ ነውና። የሚጠቅመው ዳኛው ፊት ነው። በፈቃድ ሲወሰድ የሚገኘው አምስት ነጥብ በ24 ወር አንዴ ብቻ መሆኑም አይዘንጋ።

አራተኛው ጠበቃ ነው። ክፍያው ከጥቂት መቶ ዶላር ተነስቶ ከሺህ ሊያልፍ ይችላል። ከላይ ካየነው 1,680 ጋር ማስተያየት እንጂ ከቅጣቱ ጋር ማስተያየት አይገባም። ጠበቃ የሚይዝ ሰው አንድ ጥያቄ አስቀድሞ ይጠይቅ፦ «በዚህ ካውንቲ፣ በዚህ ፍጥነት፣ ምን ሆኖ ነው የሚያልቀው?» መልሱ በካውንቲ ይለያያል፤ የፌርፋክስ ልምድ ለሌላው አይሠራም። ጠበቃው ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ የራዳሩ የምርመራ ወረቀት ነው። መሣሪያው ጥፋቱ ከተፈጸመበት ቀን በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ የተመረመረ መሆን አለበት።

እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ሰው የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ይቀርብለታል፤ ለክለርኩ ቢሮ (ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት) ግን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ልጅ ወይም ጓደኛ ይዞ ሄዶ «እሱ ይተረጉምልኛል» ማለት አያስኬድም። በቀጠሮው ቀን መቅረት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሬክለስ ወንጀል ስለሆነ የመያዣ ትእዛዝ ሊወጣ ይችላል።

ቀጠሮው ቀን ሦስት በሮች ነበሩ። አንደኛው ሬክለሱ እንዳለ መጽደቅ፦ 6 ነጥብ፣ 11 ዓመት፣ የወንጀል መዝገብ። ሁለተኛው ጥፋቱ ቀላል ነው ተብሎ ወደ «ኢምፕሮፐር ድራይቪንግ» (ተገቢ ያልሆነ አነዳድ) መውረድ ነው፤ ይህ 3 ነጥብ ብቻ ያለውና ቅጣቱ ከ500 ዶላር የማይበልጥ ነው፤ መዝገብ ላይም የሚቆየው 3 ዓመት ነው። ሦስተኛው ወደ ተራ ፍጥነት መውረድ ነው። እዚህ የመለኪያው ወረቀት፣ ንጹሑ መዝገብና የትምህርቱ ምስክር ወረቀት ተደምረው ጉዳዩ በ74 ማይል፣ ከ55 ገደብ በ19 ያለፈ፣ ተብሎ ተዘጋ። 4 ነጥብ ነው። ቅጣቱ ከ250 ዶላር መብለጥ አይችልም፤ የፍርድ ቤት ወጪ ይታከልበታል። የወንጀል መዝገብ ቀረ። ውጤቱ ባያስደስት ኖሮ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ብሎ ከፍ ያለው ፍርድ ቤት፣ ሰርኪት ኮርት፣ ጉዳዩን እንደ አዲስ እንዲሰማ ማድረግ ይቻል ነበር።

ከችሎት ሲወጣ ሥራው አላለቀም። አንድ ወር ያህል ቆይቶ መዝገቡን እንደገና ማውጣት ያስፈልጋል። ፍርድ ቤቱ ፍጥነት ብሎ ፈርዶ ዲኤምቪ ጋ ሬክለስ ተብሎ ከሰፈረ፣ ከክለርኩ የተረጋገጠ ቅጂ ይዞ ማስታረም ያስፈልጋል። ይህ ስህተት በዝምታ ታልፎ ለሦስት ዓመት ሊያስከፍል ይችላል። ኩባንያው የሚያነበው መዝገቡን እንጂ ዳኛው የተናገረውን አይደለምና።

ኢንሹራንሱ የሚደርሰው በእድሳት ነው። ፖሊሲው (የኢንሹራንስ ውሉ) መሀል ላይ በቲኬት ምክንያት ዋጋ አይቀየርም፤ የመጋቢቱ ፍርድ ከሰኔ 1 በፊት ዋጋውን አይነካም። ሁሉም ኩባንያ በየእድሳቱ መዝገብ አያወጣም፤ ማውጣት ወጪ አለውና አንዳንዱ በዓመት፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ ቆይቶ ያያል። ለዚህ ነው አንድ ሰው «እኔ ቲኬት ነበረብኝ፣ ምንም አልጨመሩብኝም» ሲል፣ ሌላው በሁለተኛው ወር የሚጮኸው።

የቨርጂኒያ ሕግ እዚህ ላይ ለሾፌሩ አንድ ጠቃሚ ነገር ይሰጣል። ኩባንያ በአንድ የትራፊክ ፍርድ ወይም አደጋ ምክንያት ከመደበኛ ተመኑ በላይ ማስከፈል የሚችለው ለ36 ወር ብቻ ነው። ያ ጊዜም ከፍርዱ ወይም ከአደጋው ቀን በኋላ ከ12 ወር ሳይዘገይ መጀመር አለበት። ስለዚህ ጭማሪው ሰኔ 1 ቀን 2025 ከተጀመረ ሰኔ 1 ቀን 2028 ያበቃል። ኩባንያው ዘግይቶ አይቶ ታኅሣሥ ላይ ቢጀምር ታኅሣሥ 1 ቀን 2028። ከዚያ በላይ ቢዘገይም ቆጠራው መጋቢት 12 ቀን 2026 እንደ ጀመረ ይታሰባል፤ የመጨረሻው ቀን መጋቢት 12 ቀን 2029 ነው። ፍርዱ መዝገቡ ላይ እስከ መጋቢት 2030 ቢታይም ለውጥ የለውም።

ይህን ቀን ማንም ደውሎ አያስታውስም። ጭማሪው ራሱ ይነሳል ብሎ መቀመጥም ጥሩ አይደለም። ኩባንያው ከፍ ያለ ዋጋ ያስከፈለበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል። መልሱ ውስጥ ጊዜው ያለፈበት ፍርድ ከተጠቀሰ ቅሬታው የሚቀርበው ለስቴቱ ኮርፖሬሽን ኮሚሽን የኢንሹራንስ ቢሮ ነው።

ኩባንያ መቀየርስ? አዲስ ኩባንያ ማመልከቻ ሲመጣለት መዝገቡን ያለ ጥርጥር ያወጣል። የኛ ሾፌር ኩባንያ እስካሁን ካላየው፣ ሌላ ቦታ ዋጋ ለመጠየቅ መሮጥ የተኛ ውሻ መቀስቀስ ነው። ጭማሪው ከመጣ በኋላ ግን ሦስት አራት ቦታ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ አንዱ ኩባንያ በጥብቅ የሚያየውን ሌላው ይታገሰዋል። ማመልከቻው ያለፉትን ሦስት ወይም አምስት ዓመታት ጥፋቶች ሲጠይቅ እውነቱ ይጻፍ። ባል ቲኬት ስላለበት ፖሊሲውን በሚስት ስም ብቻ አድርጎ እሱን አለመጥቀስ በየቤቱ የሚሰማ ምክር ነው። አደጋ ሲደርስ ኩባንያው በአንድ ቤት የሚኖሩትን ሾፌሮች ያጣራል፤ ያኔ ክፍያ የመከልከል አደጋ አለ። አረቦኑን ለማውረድ ካስፈለገ የራስ ተቀናሹን (ጉዳት ሲደርስ ባለ ፖሊሲው ከኪሱ የሚከፍለውን) ከ500 ወደ 1,000 ማሳደግ ይሻላል። ለሌላ ሰው ጉዳት የሚከፍለውን ክፍል መቀነስ ግን የከፋው ቁጠባ ነው፤ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የቨርጂኒያ ትንሹ ወሰን ለአንድ ሰው ጉዳት 50,000፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ 100,000፣ ለንብረት ጉዳት 25,000 ዶላር ነው።

ዕድሜው 55 የሞላ ሾፌር የአደጋ መከላከያ ኮርስ ከወሰደ ኩባንያው ቅናሽ እንዲሰጠው ሕጉ ያዛል። አባትና እናት በፖሊሲው ላይ ካሉ ይጠየቅላቸው።

ኡበርና ሊፍት የሾፌሮችን መዝገብ በየጊዜው ያያሉ። ሬክለስ በነሱም ዘንድ ከከባዶቹ ጋር ስለሚቆጠር ከመተግበሪያው ሊያስወጣ ይችላል፤ ለዚህ ሾፌር ከአረቦኑ ይልቅ የማታ ገቢው ነበር አደጋ ላይ የነበረው። የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሁኔታ ደግሞ ሌላ ነው። በፌደራል ደንብ ፍርድ ቤት ወደ ትምህርት በመላክ ወይም ፍርዱን በማቆየት ጥፋቱን እንዲሸፍንለት አይፈቀድም፤ በግል መኪናው ቢያዝም እንኳ። ከገደቡ በ15 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍም ሬክለስም «ከባድ» ይባላሉ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ከተደገሙ 60 ቀን፣ ሦስት ከሆኑ 120 ቀን ከሥራ ያስቀምጣሉ። ለሱ 74 በ55 እንኳ እፎይታ አይደለም።

ሜሪላንድ ወይም ዲሲ የሚኖር ሰው «የቨርጂኒያ ቲኬት እኔን አያገኘኝም» እንዳይል፤ ስቴቶቹ ፍርድ ይለዋወጣሉ። የካሜራ ቲኬት ግን ለብቻው ነው። በቨርጂኒያ በትምህርት ቤትና በመንገድ ሥራ አካባቢ የተተከለ የፍጥነት ካሜራ የሚልከው ቢበዛ 100 ዶላር ሲሆን የሚላከው ለመኪናው ባለቤት ነው። ነጥብ የለውም፣ የመንዳት መዝገብ ውስጥ አይገባም፣ ኢንሹራንስ እንዳይጠቀምበትም ሕጉ ይከለክላል። በፖስታ የመጣውን የካሜራ ቲኬት አይቶ ጠበቃ ፍለጋ መሄድ፣ ፖሊስ በእጅ የሰጠውን ደግሞ ኦንላይን በአምስት ደቂቃ ከፍሎ መርሳት፣ ሁለቱም በተደጋጋሚ ይደረጋሉ።

የኛ ሾፌር የካሌንደሩ ቀሪ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ጥር 14 ቀን 2027 የዲኤምቪው 4 ነጥብ ያበቃል፤ ኢንሹራንሱ በዚያ ቀን አይቀንስም። ግንቦት 2028 ላይ የእድሳቱ ወረቀት ሲመጣ ጭማሪው መነሳቱን መስመር በመስመር ያያል፤ ካልተነሳ ከሰኔ 1 በፊት ይደውላል። ያኔ ሌላ ኩባንያ ዋጋ ቢጠይቅም ማመልከቻው የሦስት ዓመት መዝገብ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ 74 በ55 አይነሳበትም።